እፎይታው ከየት መጣ?

ስልኩ ሲጮህ ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር እያሰረች ነበር። የደወለው አለቃዋ ነው። ደህና አደርሽ ሳይል ገባበት።

«የመስታወት ፋብሪካው ጉዳይ ነው። ትናንት በምሳ ሰዓት ዋናው ቴክኒሻን በማሽን ክንድ ተመቶ ሞቷል። አደጋ ነው፤ ጥፋቱም ፕሮግራሙን የጻፈችው ልጅ ነው። ሂጂ፣ ቃሏን ተቀበይና ፋይሉን ዝጊው። ከሰዓት በፊት።»

«ለምን?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ምኑ ለምን?»

«ከሰዓት በፊት ለምን?»

«ሥራ ቆሟላ! ባለንብረቱ በስልክ ጆሮዬን በላው።»

«የሞተው ሰውዬ ግን አይቸኩልም» አለችና ስልኩን አስቀምጣ ክሯን ማሰር ቀጠለች።

በመሥሪያ ቤቷ «እትዬ ለምን» ነው የሚሏት፤ እርግጥ በሌለችበት። እሷም ታውቃለች፤ ስሙን ስለምትወደው እንደማታውቅ ትሆናለች። ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ ትጠላለች፤ ቢሮው ፎቅ ላይ የሆነን ሰው ደግሞ ገና ፊቱን ሳታይ ትጠረጥረዋለች። ይህ ፍትሐዊ አይደለም፣ ግን ስንት ጊዜ እንዳዋጣት እሷ ናት የምታውቀው።

ፋብሪካው ውስጥ ሁሉም ነገር ቀጥ ብሎ ቆሟል። በአዳራሹ አንድ ጎን፣ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ በብረት አጥር የተከለለ ቦታ አለ፤ ከአጥሩ ውስጥ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ የመስታወት መደርደሪያ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ደግሞ ክንዱ። ክንዱ ከትከሻው እስከ ክርኑ የሰው ወገብ የሚያክል ብረት ነው። ትናንት አስከሬኑ ከተነሳ ወዲህ ማንም እንዳይነካው ታዟል። ክርኑ መደርደሪያው አጠገብ ተደግኖ ቀርቷል፤ ከጫፉ ባሉት መምጠጫ ጎማዎች የያዘው ትልቅ የመስታወት ገበታ ስንጥቅ እንኳ ሳይነካው ከላይ ተንጠልጥሏል። ኢንስፔክተሯ መስታወቱን ቆማ ብዙ አየችው። የራሷን ፊት አሳያት፤ ሌላ ነገር ደግሞ ነግሯታል፣ ግን ገና አልገባትም።

አጥሩ በር ላይ አንዲት ወጣት ሴት መሬት ላይ ተቀምጣለች። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ «ተይ እህቴ፣ ተነሺ» ይላታል። እሷ አታየውም።

«አንቺ ነሽ ፕሮግራመሯ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ነኝ። ልጁም ነኝ።»

«የማን ልጅ?»

«የሟቹ።»

አለቃዋ ይህን አልነገራትም። ኢንስፔክተሯ በሆዷ ሰደበችው። የዕቃ ሳጥን ስባ፣ ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እኔ ኮምፒውተር አላውቅም። ለእኔ እንደሚገባኝ አድርገሽ ንገሪኝ። አባትሽን ምን ገደለው?»

«ሰው ነው የገደለው» አለች ልጅቷ። ዐይኗ ቀልቷል፣ ድምጿ ግን አይንቀጠቀጥም። «ኮምፒውተር ሪስታርት ሲባል ዝም ብሎ አይጠፋም። መጀመሪያ ድራይቨሮቹን ይጠራል። ድራይቨር ማለት በኮምፒውተሩና በማሽኑ መሀል ያለ አስተርጓሚ ነው፤ የዚህን ክንድ ድራይቨር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩ ‹ልጠፋ ነው፣ በእጅህ ያለውን አሳርፍ› ይለዋል። ያን ጊዜ ድራይቨሬ አዲስ ትእዛዝ አይቀበልም። ክንዱ የያዘውን መስታወት መደርደሪያው ላይ ያስቀምጣል፣ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ፍሬን ይይዛል፣ ሞተሩ ይቋረጣል። መጨረሻ ላይ የቀረው አየር ሁሉ ይለቀቃል። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ነው ለኮምፒውተሩ ‹ጨርሻለሁ፣ አሁን መጥፋት ትችላለህ› የሚለው። ስሙን ማሳረፊያ ብዬዋለሁ።»

«ማሳረፊያው ባይኖርስ?»

«ኮምፒውተሩ ይጠፋል፣ ክንዱ አይጠፋም። ግርጌው ላይ የራሱ ሳጥን አለው፤ ቀድሞ የተሰጠው ትእዛዝ እዚያ ውስጥ ይቀራል። ከላይ አዛዥ የለው፣ ከልካይ የለው፣ መስታወቱን እንደያዘ ያቺን ሴንሰር እያየ ተራውን ይጠብቃል።» መደርደሪያው ሥር ያለችውን ትንሽ ጥቁር ነገር አመለከተች። «ፊቷ የሆነ ነገር ካለፈ፣ መደርደሪያው ዝግጁ ሆነ ብሎ ይነሳል።»

«አባትሽ አለፈ።»

«አባዬ አለፈ።»

ጥበቃው ራቅ ብሎ ቆመ።

«የምርት ኃላፊው ትናንት ድራይቨሩን ከፍቶ ለፖሊሶቹ አሳያቸው» አለች ልጅቷ። «ማሳረፊያው የለም። ቦታው ባዶ ነው። ‹ጨርሶ አልጻፈችውም› አላቸው። ጽፌዋለሁ! አንድ ሰው አውጥቶታል። ፓስወርዱ ያለን እኔና ኃላፊው ብቻ ነን። ቤት ያለኝን ቅጂ ባመጣለት ‹ሌሊቱን ቁጭ ብለሽ የጻፍሽው ነው› አለኝ። ፖሊሶቹ ደግሞ ‹ብቻ ረሳሁት በይ፤ በቸልተኝነት ቀላል ቅጣት ተቀጥተሽ ትወጫለሽ› አሉኝ። አላልኩም። አልልምም! ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት ነው። አክስቴ፣ የአባዬ እህት፣ ‹ወንድሜን በእጅሽ ገድለሽ ቀብሩ ላይ እንዳላይሽ› ብላኛለች። እኔ አባቴን አልገደልኩም። ይህ ነገር ሳይጣራ ከዚች በር የሚያስነሳኝ ካለ ይምጣ።»

«ማንም አያስነሳሽም» አለች ኢንስፔክተሯ። «እኔ ራሴ ብነሳ ነው የሚገርመኝ። እስቲ እጅሽን ስጪኝ።»

ክንዱን በኮምፒውተር የሚያሠራው ኦፕሬተር ወፍራም፣ ላብ የማያጣው ሰው ነው። ከኮምፒውተሩ ፊት ካለችው ወንበር ጋር ብዙ ከመኖሩ የተነሳ ወንበሯ የሱን ቅርጽ ይዛለች።

«እንደ ወትሮው ነው ያደረግኩት፣ የኔ እመቤት! በየቀኑ ለምሳ ስንወጣ ሪስታርት እናደርጋለን። ጋሽ ቀስ የክንዱን ጎማዎች ሊወለውሉ መወልወያቸውን ይዘው በሩ ጋ ይቆማሉ።»

«ጋሽ ቀስ?»

«ሟቹን ማለቴ ነው። የሚሮጥ ሰው ካዩ ‹ቀስ!› ነው የሚሉት፤ ለማሽንም፣ ለሰውም።» ዐይኑን በእጅጌው ጠረገ። «ክንዱ ከመደርደሪያው ጀርባ ስለሆነ ከበሩ አይታይም። መብራት ይደረግልን ብለን ነበር፣ ዛሬ ነገ ሲባል ቀረ። ስለዚህ በጆሮ ነው የምንሠራው። መጀመሪያ ፍሬኑ ቋ ይላል፣ ከዚያ ክንዱ እፎይ ይላል። አየሩ ሲለቀቅ ነው። እኛ እፎይታው እንለዋለን። ጋሽ ቀስ እፎይታውን ሳይሰሙ እግራቸውን አያስገቡም። አንድ ቀን እኔ ልቀድም ስል በኮሌታዬ ጎትተው አውጥተውኛል፤ ሸሚዜ ተቀዷል።»

«ይህ እፎይታ ሁልጊዜ አለ?»

«ክንዱ ከተተከለ ጀምሮ።»

«ትናንትስ?»

«ሪስታርት አልኩት፣ ስክሪኑ ጠቆረ፣ እፎይታው መጣ። ምሳ ዕቃዬን ላነሳ ጎንበስ አልኩ። ከዚያ ጩኸት ሰማሁ። ሮጬ ቀዩን ቁልፍ መታሁት፤ ክንዱ ቀጥ አለ። ግን አልደረስኩላቸውም።»

«ፍሬኑስ ቋ ብሎ ነበር?»

«እንጃ። መቁረጫ ማሽኑ እየጮኸ ነበር። እፎይታውን ግን አዳራሹ ሙሉ ሰምቷል፤ እሱ ደንቆሮም አያልፈው።»

«ቀዩ ቁልፍ መስታወቱን ለምን አላስጣለውም?»

«እሱ ሞተሩን ነው የሚያቆመው። ሰው ላይ እንዳይወድቅ ጎማዎቹ መምጠጣቸውን አይተዉም። መስታወት የሚለቁት ክንዱ ቦታው ላይ ሲያስቀምጠው ወይም አየሩ ሲለቀቅ ብቻ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ዞር ብላ ወደ ተንጠልጣዩ መስታወት አየች። አሁን ገባት። ኦፕሬተሩ ግን ምን እንደተናገረ ራሱ አልሰማውም፤ ላቡን እየጠረገ ነው።

«ከትናንት በስቲያስ የተለየ ነገር ነበር?»

«ከትናንት በስቲያ...» አሰበ። «አዎ! እፎይታው አልመጣም። ጋሽ ቀስ ቆመው ጠበቁ፣ ጠበቁ፤ አልገቡም። መወልወያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ላይ፣ ወደ ምርት ኃላፊው ቢሮ ወጡ። ሲወርዱ ፊታቸው ተለዋውጧል። ‹ምነው ጋሼ?› ብላቸው ‹ነገ ይመለሳል፤ ካልተመለሰ ባለንብረቱ ጋ እኔው ራሴ እሄዳለሁ› አሉኝ። ምኑ እንደሚመለስ አልጠየቅኳቸውም። ምናለ በጠየቅኳቸው።»

የአየር መጭመቂያው ክፍል ከአጥሩ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ከላይ በኩል በሽቦ የተሸፈነች መስኮት አለችው። ኮምፕረሰሩን የሚጠብቀውን ሰው ሻምበል ነው የሚሉት፤ ወታደር ሆኖ አያውቅም፣ አነጋገሩ ብቻ ነው። ገና ኢንስፔክተሯን ሲያይ ተረከዙን አጋጨ።

«ትናንት በምሳ ሰዓት ከዚህ ክፍል ንቅንቅ አላልኩም! ኮምፕረሰር ጥሎ መሄድ ክልክል ነው።»

«አልጠየቅኩህም እኮ» አለችው።

ኢንስፔክተሯ ወለሉን ታያለች። ከትልቁ የአየር ታንክ ሥር አንድ ቫልቭ አለ፤ ከቫልቩ ፊት ሲሚንቶው ላይ ዝገት የመሰለ ቡናማ ፍንጣቂ ደርቋል። ከፍንጣቂው መሀል ግን ምንም ያልነካቸው ሁለት ንጹሕ ቦታዎች አሉ። ጠባብ፣ ፊታቸው ሾል ያለ።

«ይህ ምንድነው?»

«ታንኩ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፣ የኔ እመቤት። ጠዋት ጠዋት ቫልቩን ከፍቼ አስወጣዋለሁ። ካልወጣ ከዝገትና ከዘይት ጋር ተደባልቆ ይረጫል።»

«አንተስ ላይ አይረጭም?»

«እኔ ላይ!» ተከፋ። «እኔ ጎን ቆሜ፣ ባልዲ ደግኜ ነው የምከፍተው። ፊት ለፊት የሚቆም ሥራውን የማያውቅ ሰው ነው።»

«ትናንት ጠዋት ውሃውን አስወጥተሃል?»

«እንዴታ!» ከጥያቄው ቀድሞ ሊመልስ ምንም አልቀረው።

«እስቲ አሁን ትንሽ ክፈተው፤ ልስማው።»

ሻምበል ጎን ቆሞ፣ ባልዲውን ደግኖ ቫልቩን ፈታ አደረገው። አየሩ ረጅም፣ ከባድ ትንፋሽ ተነፈሰ። ወዲያው ከግድግዳው ማዶ ወንበር ሲወድቅ ተሰማ፤ ኦፕሬተሩም በመስኮቷ በኩል ጮኸ።

«ማነው ክንዱን የነካው! ማነው?»

ሻምበል ቫልቩን ዘጋና ኢንስፔክተሯን አየ። ፊቱ አመድ መስሏል። እሷ አጎንብሳ የሻምበልን ጫማ ተመለከተች። ሰፊ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው ቦት ነው።

ቀጥሎ ያ የምትጠላው ደረጃ መጣ። የምርት ኃላፊው ከላይ ሆኖ በትሕትና ተቀበላት፤ ወንበር ሳበላት፣ ውሃ አቀረበላት። ሙሉ ሱፍ ለብሶ፣ ክራቫቱን አሳምሮ አስሯል። ከሱሪው በታች ግን ነጭ የስፖርት ጫማ ነው ያለው።

«ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ አልክድም» አለ። «ግን ልጅነት አለ። ያ ማሳረፊያ የምትለው ነገር ድራይቨሩ ውስጥ ከመጀመሪያውም ኖሮ አያውቅም። ረሳችው። አባቷ መሆኑ ደግሞ... እኔ ራሴ እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

«ያሳዝናል። ቢኖርስ ኖሮ ጉዳት ነበረው?»

«ጉዳት እንኳን የለውም፤ ግን ምርት ያጓትታል። በተጠፋ በተነሳ ቁጥር ክንዱ መስታወቱን አስቀምጦ፣ ተመልሶ፣ አርፎ፣ እንደገና ከዜሮ መነሳት አለበት። እኛ ለባለንብረቱ ቃል ከገባነው ጋር አይሄድም።»

«ሲያጓትት አይተውታል?»

«እ... አይ፣ በግምት ነው የምልዎት።»

«ሟቹ ከትናንት በስቲያ እርስዎ ጋ መጥተው ነበር?»

«ኧረ የለም። እኔና እሳቸው ከተነጋገርን ቆይተናል።»

«ትናንት በምሳ ሰዓትስ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። በሬን ዘግቼ ስሠራ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። «ጫማዎ ያምራል። ምቹ ይመስላል።»

«እግሬን አሞኝ ነው፤ ትንሽ አብጧል።»

«እግዚአብሔር ይማርዎት» አለችና ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደች። ታች ስትደርስ አብሯት የመጣውን ፖሊስ ጠርታ በጆሮው የሆነ ነገር ነገረችው። ፖሊሱ ወደ መኪና ማቆሚያው ሄደ።

ስልኳ ጮኸ።

«ዘጋሽው?» አለ አለቃዋ።

«ዘጋሁት።»

«ፋይሉን?»

«የፋብሪካውን በር። ማንም አይወጣም።»

አለቃዋ መጮህ ሲጀምር ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው፤ ሲጨርስም «እሺ» ሳትል አጠፋችው።

ሁሉም አጥሩ ፊት ተሰበሰቡ። ኦፕሬተሩ ወንበሩን ይዞ መጣ። ሻምበል ቀጥ ብሎ ቆመ። የምርት ኃላፊው ሰዓቱን ያያል። የሟቹ እህት የወንድሟን ልብስ ከሣጥኑ ልትወስድ መጥታ ነበርና እሷም ጥቁር ለብሳ፣ የሟቹን ቱታ ደረቷ ላይ ታቅፋ ከአንድ ጥግ ቆማለች። የወንድሟን ልጅ አታያትም። ልጅቷም ከበሩ አልተነሳችም።

«ብዙ አላቆያችሁም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ቀብር አለብን። የምርት ኃላፊው፣ ማሳረፊያው ኖሮ አያውቅም ብለውኛል። አሁንም ይላሉ?»

«እላለሁ።»

«ጥሩ። ኦፕሬተር፣ አየሩን የሚለቀው ምንድነው?»

«ድራይቨሩ ነዋ። ከማሳረፊያው መጨረሻ ላይ።»

«ክንዱ ከተተከለ ጀምሮ ለምሳ ስትወጡ እፎይታውን ሰምታችኋል?»

«ሁላችንም።»

«እንግዲህ ማሳረፊያው ኖሮ የማያውቅ ከሆነ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ እፎይ ሲል የነበረው ማነው?»

የሟቹ እህት ቀና አለች።

«ቅጂ አያስፈልገኝም፣ ፓስወርድ አያስፈልገኝም» አለች ኢንስፔክተሯ። «የዚህ ፋብሪካ ሠራተኛ ሁሉ ጆሮ ምስክር ነው። ልጅቷ ማሳረፊያውን ጽፋዋለች። ከትናንት በስቲያ እፎይታው ቀረ፤ ያን ቀን ማሳረፊያው ወጥቷል ማለት ነው። ጋሽ ቀስም ጆሯቸው ነገራቸውና አልገቡም። በቀጥታ የወጡት ወደ እርስዎ ነው።»

«አልመጡም አልኩ እኮ!»

«መጥተዋል! ሲወጡም ሲወርዱም አይቻለሁ» አለ ኦፕሬተሩ። ከወንበሩም ተነሳ።

«እሺ፣ መጥተው ሊሆን ይችላል፤ ረስቼው ነው» አለ ኃላፊው። «ታዲያ ምን ይሁን? ትናንት እኮ እፎይታው መጥቷል፤ ሁሉም ሰምቷል። ማሳረፊያው ሠርቷል ማለት ነዋ!»

ኢንስፔክተሯ ፈገግ አለች። ይህን ነበር የምትጠብቀው።

«አሁን ደግሞ አለ ሆነ? ይሁን። ቀና በሉና ክንዱን እዩት። ምን ይዟል?»

ሁሉም ቀና አሉ።

«መስታወት» አለ ሻምበል በቀስታ።

«የክንዱ አየር ትናንት ተለቆ ቢሆን ኖሮ ይህ መስታወት ወይ መደርደሪያው ላይ ይቀመጥ ነበር፣ ወይ ወለሉ ላይ ይደቅ ነበር። እዚያ የተንጠለጠለው አየሩ ስላልተለቀቀ ነው። ሁላችሁም እፎይታ ሰምታችኋል፤ ክንዱ ግን እፎይ አላለም። እፎይ ያለው ከግድግዳው ማዶ ያለው ታንክ ነው። ጋሽ ቀስ እፎይታውን ሳይሰሙ እንደማይገቡ የሚያውቅ ሰው፣ በእጁ ከፍቶ አሰማቸው።»

ልጅቷ ተነስታ ቆመች። ሻምበል ወደ ፊት ወጣ።

«እኔ አይደለሁም! በእናቴ ይዤሻለሁ፣ እኔ አይደለሁም!»

«አንተ እንዳልሆንክ አውቃለሁ። አንተ ብትሆን ጎን ትቆም ነበር። የዋሸኸኝን ግን አሁን አስተካክል። ትናንት ጠዋት ውሃውን አስወጥተሃል?»

«አላስወጣሁም» አለ ሻምበል አንገቱን ደፍቶ። «አርፍጄ ነው የገባሁት። እንዳልባረር ፈርቼ ነው።»

«በምሳ ሰዓትስ?»

«አልነበርኩም። እሳቸው መጥተው ‹ዛሬ ቀደም ብለህ ምሳህን ብላ፣ እኔ አለሁ› አሉኝ።» በአገጩ ወደ ምርት ኃላፊው አመለከተ። «ደንቆኝ ነበር። ቀድሞ መብላት ቀርቶ ቀድሞ መራብ እንኳ የማይፈቅዱ ሰው ናቸው።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቅ አመለጠውና ወዲያው አፈረ።

«ገዳዩ ሻምበል በየጠዋቱ ውሃውን እንደሚያስወጣ ያውቃል፤ ስለዚህ ንጹሕ አየር ብቻ የሚወጣ መስሎት ፊት ለፊት ቆመ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ትናንት ግን ሻምበል ሰነፈ። ዝገቱ ተረጨ። ወለሉ ላይ የቀረው ንጹሕ ቦታ የሁለት ጫማ ቅርጽ ነው፤ ጠባብ፣ ፊቱ ሾል ያለ የቢሮ ጫማ። እዚህ ሁሉም ሰው ቦት ነው የሚጫማው። ሱፍ ለብሶ የስፖርት ጫማ ያደረገው አንድ ሰው ብቻ ነው። የምርት ኃላፊው፣ የትናንቱ ጫማዎ የት ነው?»

ፖሊሱ ከመኪና ማቆሚያው ተመልሶ መጣ፤ በላስቲክ የተጠቀለለ ጥቁር ጫማ ይዟል። አፍንጫው ላይ ቡናማ ፍንጣቂ ደርቋል።

«ከመኪናቸው የኋላ ኮፈን ውስጥ፣ ከመለዋወጫ ጎማው ሥር» አለ ፖሊሱ።

«ማሳረፊያውን ያወጡት ምርት እንዲፈጥንልዎ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ጋሽ ቀስ ካልመለሱ ለባለንብረቱ እናገራለሁ አሉዎት። እርስዎም በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ መቱ፤ አባትየውን ዝም ማሰኘት፣ ጥፋቱን ልጅቷ ላይ መጣል።»

ኃላፊው ግን ገና አልተሸነፈም። እንዲህ ያለ ሰው መቼ ይሸነፋል! ክራቫቱን ፈታ አደረገና ወደ ልጅቷ ዞረ።

«ቢሆንስ? ማሳረፊያዋ ቢኖርም አይሠራም ነበር! የልጅ ሥራ ነው። ባላወጣውም አንድ ቀን ሰው መግደሉ አይቀርም ነበር። አባትሽ በአንቺ ፕሮግራም ነው የሞተው፣ ሰማሽ? በአንቺ!»

የሟቹ እህት ቱታውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ሁሉም ልጅቷን አዩ።

ልጅቷ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረች።

«ሁሉም ነገር ፎቶ ተነስቷል?»

«ተነስቷል።»

«ማሽኑን አስነስቼ ማሳረፊያውን ልመልስ?»

ኢንስፔክተሯ አየቻት። ምን ልታደርግ እንዳሰበች ገብቷታል፤ በሕይወቷም ለአንዴ «ለምን» አላለችም። ራሷን ነቅንቃ ፈቀደችላት።

ልጅቷ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ኦፕሬተሩ ወንበሩን ለቀቀላት፤ ይህም በዚያ ፋብሪካ ታይቶ አይታወቅም። ከቤት ያመጣችውን ቅጂ ባዶው ቦታ ላይ መለሰች፣ ቀዩን ቁልፍ ፈታች፣ ክንዱን አስነሳች። ክንዱ መስታወቱን እንደያዘ ወደ ሥራው ተመልሶ ተንቀሳቀሰ፤ ሰዎቹ ወደ ኋላ ሸሹ። ያን ጊዜ ሪስታርት አለችው።

ክንዱ ዞረ። መስታወቱ ከጀርባ በኩል መደርደሪያው ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። ሞተሩ እየቀነሰ ሄደ። ፍሬኑ ቋ አለ። ከዚያ እፎይታው መጣ፤ ረጅም፣ ለስላሳ። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ጠቆረ።

ልጅቷ ተነሳች። ወደ አክስቷ ሄዳ ከቱታው ኪስ ብቅ ያለውን የአባቷን መወልወያ መዘዘች። አክስቷ አልከለከለቻትም። ከዚያ የአጥሩን በር ከፈተች።

«አትግቢ!» ብሎ ጮኸ ኦፕሬተሩ። «ተይ፣ የኔ እህት!»

«እፎይታውን ሰምቻለሁ» አለች።

ጎንበስ ብላ አባቷ በገባበት ገባች። በሴንሰሯ ፊት አለፈች። ተመልሳ እንደገና አለፈች፣ አሁን ቆም ብላ። ክንዱ ከማረፊያው ንቅንቅ አላለም። ልጅቷ ቀና ብላ መምጠጫ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ወለወለች፤ ቸኩላም፣ ተንቀጥቅጣም አይደለም፣ አባቷ ሲያደርገው እንደነበረው በቀስታ። የመጨረሻውን ስትጨርስ በአጥሩ ሽቦ መሀል ኃላፊውን አየችው።

«ይሠራል» አለችው።

ፖሊሱ የኃላፊውን ክንድ ያዘ። ይዞትም ወጣ።

ልጅቷ ስትወጣ አክስቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሁለቱ ተያዩ። ሴትየዋ የወንድሟን ቱታ ዘርግታ የልጅቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችላት።

«ነይ» አለቻት። «አንቺ ሳትመጪ አይቀበርም።»